ባለ ዓመተ ምሕረቱ አልጋ

በእኛ አገር ሂስ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ ይተቻል፣ ግጥም ይተቻል፣ አልፎ አልፎም የቲያትርና የሥዕል ነገር ይነሳል። ሙዚየም ግን ሃያሲ የለውም። ገብተን እናያለን፣ «ግሩም ነው» ብለን እንወጣለን፤ ቅር ያለን እንደሆነም ስለ አቧራው ወይም ስለ መብራቱ አጉረምርመን እንተወዋለን። ይሁንና ሙዚየምም እንደ ማንኛውም ድርሰት ደራሲ አለው። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል፣ የትኛው በዝርዝር ይነገር፣ የትኛውስ በዝምታ ይታለፍ ብሎ ወስኗል። ውሳኔ ባለበት ደግሞ ሂስ ይገባል።

እኔ እዚህ ላነበው የተነሳሁት ስድስት ኪሎ የሚገኘውን ገነተ ልዑልን ነው። የቀድሞውን ቤተ መንግሥት፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ልብ የሆነውንና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየሙን ያኖረበትን ሕንጻ፣ ከነግቢው ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ ገብቼበታለሁ። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይበልጥ የተገለጠልኝ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ ከእናቴ ወንድም ጋር የመጣሁ ጊዜ ነው። አንድ ሕንጻ የሚነበበው በመጡበት መንገድ በኩል ጭምር መሆኑን አጎቴ አሳይተውኛል።

አዲስ አበቤ ስድስት ኪሎ የሚደርሰው ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ በታክሲ ነው። ከይፋት ቆላ ለሚመጣ ሰው ግን ስድስት ኪሎ የአንድ ረጅም ዳገት ጫፍ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ብዙም የማትርቅ ቆላ ናት፤ ጣርማ በር ሲደረስ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል። በጥቅምት ሮቢት ማሽላው ራስ አውጥቶ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ የሚያባርሩበት ጊዜ ነው። ማሾው፣ ሽንኩርቱ፣ ማንጎው፣ ከከተማው ወጣ ሲሉም ትምባሆው አለ። ለብዙ ከተሜ «ሸዋ ሮቢት» ሲሉት ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው፤ በአውቶቡስ የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ ሙቀቱንና የምሳ ቤቱን ነው የሚያውቀው። ታሪኩን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እነሆ ይህች ቆላና በላይዋ ያሉት ተረተሮች የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛቸው የይፋት ሱልጣኔት አገር ናቸው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የካይሮው ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ አገሩን በዓይኑ ሳያይ ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቆ ስለ ይፋት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረዲን ጋር የተዋጉት ጦርነትም በዜና መዋዕላቸው ሰፍሯል። ይህን ሁሉ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፋቸው በሰፊው ተንትነውታል፤ አህመድ ሐሰን ኡመርም የኋላውን ዘመን ይፋት፣ ንግዱንና እስልምናውን፣ አጥንተዋል። ሁለቱም የዚያው የስድስት ኪሎ ግቢ ሰዎች ናቸው። ይፋት በግቢው መጻሕፍት ውስጥ ቀን ያላት አገር ናት ለማለት ነው።

አጎቴ ያን ጊዜ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ገበሬ ናቸው። በእኛ ቤተሰብ፣ እንደ ብዙው የይፋት ቤተሰብ፣ በአንዱ ጎን መውሊድ በሌላው ጎን መስቀል ይከበራል፤ እሳቸው በመውሊዱ በኩል ያሉ ናቸው። ለጉዞው ምክንያት የሆነው የቆየ ነገር ነው። ደብረ ሲና ሰባተኛ ክፍል ሲማሩ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ አንድ ዓመት ያስተማራቸው ወጣት ከዩኒቨርሲቲው የተላከ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ እየላከ ማስተማር እንዲያገለግሉ ማድረግ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። ያ ወጣት ለእነ አጎቴ «እኛ የምንማረው ንጉሡ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው» ብሎ ነግሯቸዋል። አጎቴ አላመኑትም። ትምህርቱ በስምንተኛ ክፍል ቆመ፤ አለማመኑ ግን ሃምሳ ዓመት አብሯቸው ኖረ።

መንገዱን ስንወጣ አንድ ነገር አስተዋልሁ። አጎቴ ስለ ቦታ ያለ ዘመን አይናገሩም። ሮቢ ወንዝን ስንሻገር «በ74 ክረምት ሁለት በሬ የበላኝ ይኸ ነው» አሉ። ጥቂት ወጣ እንዳልን፣ «በ65 ከወሎ የሚወርደው ሕዝብ በዚህ ዳር ነበር የሚሄድ። ውሃ እንኳ ለመለመን ድምፅ አልነበረውም» አሉ። ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ የትምህርት ቤቱን አቅጣጫ በጣታቸው አሳዩኝ፤ «በ59» አሉ። ገበሬ ጊዜን በዝናብና በአዝመራ እንጂ በዓመት አይቆጥርም የሚለው አባባል የከተማ ሰው ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም።

ከደብረ ሲና በላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻም ዋጠን። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ሲሠሩት በሙሶሊኒ ስም ነበር የሰየሙት። ሕዝቡ ግን ያንን ስም አልተቀበለውም፤ ሐውልት አላቆመበት፣ አዋጅ አላወጣበት፣ ዝም ብሎ በቀድሞው የበሩ ስም ጠርቶ አህያውን ነዳበት። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ስድስት ኪሎ ስንደርስ አንድ ሌላ የጣሊያን ሥራ ይጠብቀናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አልፈን፣ ሸኖ ላይ ቅቤ የሚሸጡትን እምቢ ብለን፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ። ከግቢው በር ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሕዝቡ የተፈጀው ከዚያ በኋላ ነው። ገባ ሲሉ ከሕንጻው ፊት ወደ የትም የማይወስድ የተጠማዘዘ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለነበረው ለአንድ የፋሺስት ዓመት ነው። ከድሉ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ።

በበኩሌ በአገራችን ካሉት ሐውልቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። ጠላት የጻፈውን ሳይሰርዝ ያረመ ሥራ ነው። ቢያፈርሱት ኖሮ የእኛ ቁጣ ብቻ ይቀር ነበር፤ እንዳለ ቢተዉት ደግሞ የእሱ ትምክህት። አጎቴ በምርኩዛቸው እርከኖቹን እየነኩ ቆጠሩና «እንግዲህ ይኸ ዓመት የሚቆጠርበት ነው» አሉ። ጣርማ በርን ያስታወሰኝ ይህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ለጣሊያን የመለሰለት መልስና ባላገሩ የመለሰለት መልስ ሁለቱም ብልህ ናቸው፤ የተጻፈው ግን የቤተ መንግሥቱ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ይህ ቤት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ታግተው የተረሸኑበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወዲያ አልኖሩበትም፤ ለትምህርት ሰጡትና ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። የጥናት ተቋሙ የመጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ጎብኚ የንጉሡን መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና መልበሻ ክፍል ያያል። አልጋው አለ፣ ገንዳው አለ፣ ከ1953ቱ ተኩስ የቀረ ነው የሚባል በጥይት የተበሳ መስታወትም አለ። አጎቴ አልጋውን ብዙ አዩት። «ልጁ እውነቱን ነበር» አሉ፤ ሃምሳ ዓመት ያላመኑትን መምህራቸውን ማለታቸው ነው።

በዚያው ፎቅ ደግሞ የሕዝቡ ሙዚየም አለ። ያን ጊዜ ባየነው አቀራረብ ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ልጅ የዕድሜ ዑደት ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ በጉልምስና፣ በሥራው፣ በጦርነቱና በእምነቱ አድርጎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ። ከላይኛው ፎቅ ሥዕሎቹ፣ መስቀሎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ይገኛሉ።

የዕድሜ ዑደቱን ሐሳብ ማንኳሰስ አልፈልግም። ብሔረሰቦችን በየሳጥኑ ከፋፍሎ፣ «ይህ የእገሌ ነው፣ ያ የእነ እገሌ» እያሉ ከመደርደር በብዙ ይሻላል። የአፋሩና የኦሮሞው፣ የአማራውና የሲዳማው ሕፃን ጎን ለጎን ይወለዳሉ፤ ጎብኚው ሳያስበው የሰውን አንድነት አይቶ ይወጣል። በዚህ በእኛ ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። አጎቴም ከሁሉ ክፍል የወደዱት ይህንን ነው፤ የልጅ ማዘያውን አይተው ሳቁ፣ አንዳንዱን ዕቃ «ይኸ የእኛ ነው» እያሉ በስሙ ጠሩት።

ነገር ግን ዑደት የሚዞር እንጂ የሚሄድ ነገር አይደለም። በዑደት ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ያርሳል፣ ይሞታል፤ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ግን አይጠየቅም። ረሃብ አንድ ዓመት እንጂ ዕድሜ ስላልሆነ በዑደት ውስጥ ቦታ የለውም። ስደትም፣ የመሬት አዋጅም፣ መንገድ መሠራትም እንዲሁ። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ጊዜ ይኖራል ማለት ነው። የንጉሡ ክፍል ታሪክ አለው፤ የጥይቱ ቀዳዳ እንኳ ዓመተ ምሕረት አለው። የሕዝቡ ክፍል ግን ባህል እንጂ ታሪክ የለውም። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሥዕሎችም ቢሆኑ፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪና ሌሎች በደከሙበት ጥናት፣ ቢያንስ በየምዕተ ዓመታቸው ይታወቃሉ፤ ከነስሙ የሚታወቅ እንደ ፍሬ ጽዮን ያለ ሠዓሊም አለን። ለስፌት ግን ፍሬ ጽዮን የላትም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ፋቢያን የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን ሙያ የከሰሰው በዚሁ ነው፤ አጥኚው ከባላገሩ ጋር በአንድ ዘመን እየኖረ፣ ሲጽፍ ግን እሱን ከዘመን ውጭ ያደርገዋል ይላል። የእሱ ክስ አውሮፓዊው በአፍሪካዊው ላይ ስላደረገው ነበር። እኛ ደግሞ በራሳችን ቤት ቤተ መንግሥቱን በዘመን ውስጥ፣ ሞሰቡን ከዘመን ውጭ አስቀምጠነዋል።

ሞሰብ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አጎቴ ከአንድ ስፌት ፊት ቆመው ቀሩ። ጠጋ ብለው የቀለሙን አገባብ አዩና አስጎብኚውን፣ ትሑት ወጣት ነበር፣ ጠየቁት፦

«ማን ሰፋችው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም አባባ» አላቸው።

«መቼስ ነው?»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ «የቆየ ነው» አለ።

«የቆየማ ነው» አሉ አጎቴ፤ «እጇ የማን እንደሆነ ግን እናቷን የሚያውቅ ያውቀው ነበር።»

አንድ ሞሰብ የሰፊዋን እጅ ለማያውቅ «ባህላዊ ዕቃ» ነው፤ ለሚያውቅ ግን ፊርማ አለው። ሴቶቹ አንዳቸው የሌላቸውን ቀለም ይለያሉ፤ በየትኛው ዓመት ሰንደዶ እንደ ልብ እንደነበረ፣ በየትኛው ዓመት ቀለም ከገበያ ጠፍቶ በሌላ እንደተተካ ያስታውሳሉ። ይህን የሚጠይቅ መዝጋቢ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ሞሰቡም ዓመተ ምሕረት ይኖረው ነበር።

ግቢውን የምወቅሰው ግን ይህን ስላላወቀ አይደለም። የሚገርመው ይህ ግቢ ለሕዝቡ ዓመተ ምሕረት በመስጠት ማንም ያልቀደመው መሆኑ ነው። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ ደም ገና ሳይደርቅ፣ በኮሌጅ ቀን በዓል ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አነበበ። ርዕሱን ብቻ እንመልከተው። «ስለ ደሃው» አይልም። ግሡም ለአሁንም ለወደፊትም ይሆናል፤ እየተናገረ ነው ማለትም ነው፣ ገና ይናገራል ማለትም ነው። እርግጥ ድምፁ የተዋሰው ነው፤ ተናጋሪው የኮሌጅ ተማሪ እንጂ ደሃው ራሱ አልነበረም። የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ሁሉ ድካምም ክብርም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሌላው እንዲናገር ቦታ ሲያዘጋጁ ቦታውን ራሳቸው ይይዙታል። ያም ሆኖ ደሃው ቀን ተቆረጠለት። ከየካቲት 1957ቱ የ«መሬት ላራሹ» ሰልፍ በኋላ ደግሞ ጥያቄውም ቀን ያለው ሆነ። በአገልግሎት ዓመታቸው ባላገሩን አይተው የተመለሱት ተማሪዎችም ያዩትን ይዘው ነው ወደ ግቢው የገቡት።

ከሁሉ የሚበልጠው የ1965 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፎች ይዘው መጡ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ታዩ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ከዚያ ወራት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። በእግሩ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው ረሃብተኛ ግን በፖሊስ ተመልሷል። እኔና አጎቴ በአንድ ቀን የወጣነው መንገድ ያ መንገድ ነው። ፎቶግራፉ ደረሰ፤ ሰዎቹ አልደረሱም። መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ገጠሩ ለረሃብ መጋለጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ያደረጉት፣ በእኔ አስተያየት፣ ያንኑ መቀጠል ነው፤ ረሃብን ከተፈጥሮ ዑደት አውጥተው ዓመትና ተጠያቂ ያለው ነገር አደረጉት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ረሃቡን ከዑደት ያወጣው ግቢ ሞሰቡን ለምን በዑደት ውስጥ ተወው? መልሱ፣ ይመስለኛል፣ ፎቶግራፎቹ ተቃውሞ፣ ሞሰቡ ደግሞ ቅርስ ተብለው ወደተለያየ ቤት መሄዳቸው ነው። ተቃውሞው ወደ ታሪክ መጻሕፍት ገባ፣ ቅርሱ ወደ መስታወት ሳጥን። የሰፋችው ሴትና የተራበችው ሴት ግን አንድ ሴት ልትሆን ትችላለች። ንጉሡ በአንድ ክፍል ውስጥ አልጋቸውንም፣ መስታወታቸውንም፣ ጥይታቸውንም አንድ ላይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዕለታዊ ኑሯቸውና ታሪካቸው አልተለያየም። ለሌላው ሰው የምጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ነገሩን ለማየት ብዙ መቆየት አላስፈለገም። እኛ ያን ጉዞ ካደረግን በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ አጣዬ በተደጋጋሚ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋም ጉዳት ደረሰባቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ከተማዋ በወሩ ማብቂያ ገደማ እስክትመለስ ድረስ ብዙ ነዋሪ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት ከይፋት ቤቶች ስንት ሞሰብ፣ ስንት አገልግል እንደነደደ የቆጠረ የለም። የተረፈው ግን ከእንግዲህ «የቆየ» ብቻ ሊባል አይችልም። ቀን አለው። ለመዝጋቢ የሚነገር ነገር አለው፣ ተናጋሪዎቹም ገና በሕይወት አሉ።

ለምሳሌ ያህል አንዱን ላስመዝግብ። አጎቴ ቤት ያለውን ሞሰብ የሰፉት ባለቤታቸው ናቸው፤ በ1971 ዓ.ም.፣ ለታናሽ እህታቸው ሠርግ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ሲወጡ ዱቄት ተሞልቶ በአህያ ተጫነ። ሲመለሱ ክዳኑ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሌላ ክዳን ሰፉለት፤ የድሮው ዓይነት ቀይ ቀለም ስላልተገኘ ክዳኑ ከሞሰቡ ጋር አልገጠመም።